«በር ተከፈተልኝ» ከማለታችን በፊት

እሑድ ከሰዓት የወጣቶች ፕሮግራም አልቆ ወንበር ስንሰበስብ አንዲት እህት ወደ ጎን ጠራችኝ። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኳን እንድጽፍ ግን ፈቅዳልኛለች። ሕግ ተምራ በአንድ የጠበቆች ቢሮ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከር አይደለም። ኩባንያ ሲቋቋም የመመሥረቻ ጽሑፉን ታዘጋጃለች፤ ድርጅት ሲሸጥ ውሉን ትመረምራለች፤ ባንክ ትልቅ ብድር ሲሰጥ የመያዣውን ሰነድ ታገላብጣለች። አሁን ኢንቨስትመንት ላይ የተሰማራ አንድ ድርጅት «ከእኛ ጋር ሥሪ» ብሏታል። የሚሰጧት ሥራ የሕግ ሳይሆን የፋይናንስ ነው። ኩባንያዎች ከሕዝብ ገንዘብ ሲያሰባስቡ ዋጋውን ማስላት፣ ሰነዱን ማዘጋጀት፣ ገዢ መፈለግ። ደመወዙ አሁን ከምታገኘው ከእጥፍ ይበልጣል።

«ጌታ በር እየከፈተልኝ ይመስለኛል፤ ጸልይልኝ» አለችኝ።

እኔም አስተማሪ ነኝና አስተማሪ የሚጠይቀውን ጠየቅኋት። «ደመወዙ በግማሽ የሚያንስ ቢሆን ኖሮ በር ትዪው ነበር?»

ዝም አለች። ጥሩ ጥያቄ የጠየቅሁ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይታ ቀና አለችና፣ «አንተስ ደመወዙ ባይጨምር ኖሮ ይህን ትጠይቀኝ ነበር?» አለችኝ።

ወንበሩን እንደያዝኩ ቀረሁ።

እውነቷን ነው። አንድ ወንድማችን ከግል ትምህርት ቤት ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲዛወር ደመወዙ ስለቀነሰ ብቻ «የመስዋዕትነት ውሳኔ» ብለን በጉባኤ ፊት ጸልየንለታል። ለምን እንደተዛወረ የጠየቀው ሰው አልነበረም። (በኋላ እንደነገረኝ አዲሱ ትምህርት ቤት ከቤቱ የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ስለሆነ ነው።) ደመወዝ ሲቀንስ መንፈሳዊነትን እንገምታለን፤ ሲጨምር ደግሞ እንጠረጥራለን። ሁለቱም ግምት ነው፤ በሁለቱም ሰውየውን አልጠየቅነውም።

ወጣቶች ሆይ፣ በመካከላችን ማንም ያልጻፈው የሥራ መሰላል እንዳለ ታውቃላችሁ። ከላይ ወንጌላዊ፣ ቀጥሎ ሐኪምና መምህር፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ። ነጋዴ ከታች ነው፤ ለሕንፃ ማሠሪያ ቃል ሲገባ ብቻ ለአንድ እሑድ ከፍ ይላል። ጠበቃ በዚህ መሰላል ላይ ደህና ቦታ አለው። ነቢያት ስለ መበለትና ስለ ድሀ አደግ ፍርድ የተናገሩት ሁሉ ለእርሱ የተጻፈ ይመስለናል። ፋይናንስ ስንል ግን ቶሎ የሚታወሰን ጌታ ስለ ሁለት ጌቶች የተናገረው ነው። ስለዚህ ከሕግ ወደ ፋይናንስ የሚሄድ ሰው ከመሰላሉ የሚወርድ፣ ፍትሕን ትቶ ገንዘብን የሚከተል ሆኖ ይታየናል።

ይህን ለእህታችን ስነግራት ሳቀች። «ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት መበለት ቢሮዬ ገብታ አታውቅም» አለችኝ። ጠበቃ አቅም ለሌለው ሰው ነጻ አገልግሎት እንዲሰጥ በሕግ ግዴታ አለበት፤ ቢሮዋም ይህን ያደርጋል፤ የዕለት ሥራዋ ግን እሱ አይደለም። የዕለት ሥራዋ የባለሀብቶችን ገንዘብ በወረቀት ማጠር ነው። ከገንዘብ ውጭ የነበረች ሰው ወደ ገንዘብ እየገባች አይደለም ማለት ነው። ከአጥሩ ወደ ግቢው ልትገባ ነው።

ጊዜውም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። በ2013 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት አዋጆች ወጡ። አንዱ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የኖረውን የንግድ ሕግ አብዛኛውን የተካው አዲሱ የንግድ ሕግ ነው፤ ቁጥሩ 1243። ሁለተኛው የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 ነው። ሦስተኛው የፌዴራል ጠበቆች አዋጅ ቁጥር 1249 ሲሆን ጠበቆች በየግላቸው ከመሥራት አልፈው በአንድ ድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ፈቀደ። ከዚያ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በቴሌብር ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ። የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ መግዛት የሚቻለው 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፈተ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ያልነበረ የሥራ ዘርፍ ተፈጠረ፤ ሠራተኛም ይፈልጋል። ውል ማንበብ የሚችል፣ የኩባንያ ሕግ የሚያውቅ ወጣት ሲታይ ቢጠራ አይገርምም። «በር ተከፈተ» የምንለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ የአገር ኢኮኖሚ ሲለወጥ የሚፈጠር ክፍተት። እግዚአብሔር በዚህ ውስጥ አይሠራም አልልም። ነገር ግን ያው በር ለማያምነውም የክፍል ጓደኛዋ ተከፍቷል፤ እርሱ «ጥሩ ዕድል አገኘሁ» ብሎ ገባ።

መጽሐፍ ቅዱስን ስንከፍት ነገሩ ከመሰላላችን ጋር አይገጥምም። ሌዊ ከቀረጥ መሰብሰቢያው ተጠርቶ ሁሉን ትቶ ተነሣ (ሉቃስ 5)። ይህን ታሪክ ደጋግመን ሰብከነዋል። በዚያው ወንጌል ግን የቀራጮች አለቃው ዘኬዎስ አለ (ሉቃስ 19)። ጌታ እቤቱ ገባ። ዘኬዎስ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሊሰጥ፣ ያታለለውን አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሣ። ሥራውን ተወ የሚል ግን አናገኝም፤ ጌታም ተው አላለውም። ከሁለቱ በፊት ቀራጮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ሲሉት፣ ከታዘዘላቸው በላይ እንዳይወስዱ ነገራቸው እንጂ መዝገቡን አላስጣላቸውም (ሉቃስ 3)። ጳውሎስም ሕግ አዋቂው ዜናስ ለመንገዱ አንዳች እንዳይጎድልበት ለቲቶ አደራ ይላል፤ በሮሜ መልእክቱ መጨረሻ ደግሞ የከተማዋ የገንዘብ ሹም የነበረውን የኤርስጦስን ሰላምታ ያደርሳል። አንዱ የሕግ ሰው፣ አንዱ የገንዘብ ሰው። ከሁለቱ ማን በመሰላሉ ላይ ከፍ እንደሚል ሐዋርያው የተጨነቀበት አይመስልም።

እንግዲያው ለሌዊ «ተው»፣ ለዘኬዎስ ዝምታ ለምን ሆነ? ለእያንዳንዳችን የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ የሚነግረን ቀመር ያለ አይመስለኝም። አንድ ነገር ግን አያለሁ። ዘኬዎስ ስለ መንፈሳዊ ስሜቱ ብዙ አልተናገረም። የተናገረው ስለ ሰዎች ነው፤ ስለ ድሆችና ስለ ተታለሉት። በእጁ ያለው ገንዘብ የማን እንደነበር ያውቅ ነበር።

ወደ እህታችን ልመለስ። በሚቀጥለው ሳምንት ስንገናኝ አስቀድሜ ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ «በር» የሚለውን ቃል ለጊዜው እናቆየውና የምትሄጂበትን ምክንያት በተራ ቋንቋ ንገሪኝ አልኳት። ተናገረች። አባቷ ጡረታ ወጥተዋል። ታናሽ ወንድሟ ኮሌጅ ነው፤ የሚከፈልለት በእርሷ ነው። የቤት ኪራይ በዓመት ሁለቴ ጨምሮባታል። ደግሞም ሰለቻት፤ ሌሎች የወሰኑትን ውሳኔ በጥሩ አማርኛ መጻፍ ሰልችቷት ውሳኔው በሚወሰንበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ትፈልጋለች። ይህን የመጨረሻውን ስትናገር ድምጿ ዝቅ አለ፤ ኃጢአት የምትናዘዝ ይመስል።

ይህ ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት ሊነገር የሚችል ነው። «ጌታ ሆይ፣ ገንዘቡ ያስፈልገኛል፤ ሥራውም ይማርከኛል» ብሎ መጸለይ ይቻላል። መዝሙረኛው ከዚህ የባሰ ተናግሯል። የሚያስፈራኝ ምክንያታችንን ራሳችን ሳንሰማው በ«ጌታ ተናገረኝ» ስንሸፍነው ነው፤ ምክንያቱም ይህ ቃል ከተነገረ በኋላ ማንም ምንም አይጠይቅም። ወላጅ አይጠይቅም፣ ሽማግሌ አይጠይቅም፣ ጓደኛ አይጠይቅም። እግዚአብሔር ከተናገረ ማን ይከራከራል? የራሳችንን ምርጫ ከጥያቄ ለማዳን የእርሱን ስም አጥር አደረግነው ማለት ነው። ስሙን በከንቱ መጥራት ከመሐላ ጋር ብቻ የሚያያዝ እየመሰለን ይህን ሳናስተውለው እናልፋለን።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ቀርቷል። ከባድ መሆኑን ያሳየችኝም እርሷ ናት።

ጠበቃ የሚለው ቃል ከመጠበቅ የመጣ ነው። ጠበቃ የሚጠብቀው ሰው አለው፤ ያም ሰው ይታወቃል፣ ስሙ ፋይሉ ላይ ተጽፏል። በጠረጴዛው ማዶ ያለው ተዋዋይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የራሱ ጠበቃ አለው። ስለዚህ የድርጅት ጠበቃ ለደንበኛው ጠንክሮ ቢከራከር ማዶ ያለው ባዶ እጁን አይደለም። ገንዘብ የሚለውን ቃል ደግሞ ተመልከቱት። «ትሕትናን ገንዘብ አደረገ» ስንል የራሱ አደረገ ማለታችን ነው። በቋንቋችን ገንዘብ የራስ የሆነ ነገር ነው። በፋይናንስ የሚሠራ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ የሚነካው ገንዘብ የእርሱ አይደለም። የሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ጠረጴዛው ማዶ አልተቀመጠም። ምናልባት ሰፈር ሱቅ ደጅ ቆማ ስልኳን የምትነካ እናት ናት። ጠበቃ የላትም። ደንበኛ ሳቢ መግለጫ የሚባለውን፣ ኩባንያው ስለ ራሱ ለአክሲዮን ገዢ የሚያቀርበውን ረጅም ሰነድ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አታነበውም። የምታየው «እገሌ አለበት» የሚለውን ነው።

ካልቪን ስለ ወለድ የጻፈው እዚህ ላይ ይረዳናል። ብዙዎቻችን በሥነ መለኮቱ እናውቀዋለን፤ በወጣትነቱ የተማረው ግን ሕግ ነው፤ በኦርሌአንና በቡርዥ። በ1545 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው ስለ ወለድ ጠይቆት በደብዳቤ ሲመልስ፣ ከእርሱ በፊት የነበሩት ብዙዎች እንዳደረጉት ሁሉንም ወለድ በአንድ ቃል አላወገዘም። ሁሉንም አልፈቀደምም። ከድሀ ወለድ አይወሰድ አለ፤ ትርፍ ፍለጋው ለችግረኛ ማድረግ የሚገባንን እንዳያስረሳን፣ ስምምነቱ ለአበዳሪው ብቻ ሳይሆን ለተበዳሪውም እንዲበጅ፣ የሕዝብ ጥቅምም እንዲታይ ገደብ አበጀ። ገንዘቡን ብቻውን አንሥቶ ንጹሕ ነው ወይስ ርኩስ አላለም፤ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድና በማዶ ጫፍ ማን እንዳለ ጠየቀ። የሕግ ትምህርቱ የረዳው ይመስለኛል፤ ውል ሁልጊዜ ሁለት ሰው እንዳለው የሚያውቅ ሰው አጻጻፍ ነው።

ይህንን ለእህታችን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገረችኝ። በጠበቃነቷ ሰነዱን ያየችለት አንድ ኩባንያ አለ። ስሙን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስለዚያ ኩባንያ ውጭ ያለ ሰው የማያውቀውን ታውቃለች። ያ ኩባንያ አክሲዮን ለሕዝብ ሊሸጥ ያስባል። አዲሱ ቀጣሪዋ ደግሞ ሽያጩን የሚያስተባብር ሊሆን ይችላል።

እስቲ በእርሷ ቦታ ሁኑ። ብትናገር የደንበኛን ምስጢር አወጣች፤ ይህ የጠበቃ ዋናው አደራ ነው፤ ቢሮ ስለቀየረች አይፈርስም። ዝም ብላ አክሲዮኑን ብታሻሽጥ የምታውቀውን ከማያውቁ ሰዎች ገንዘብ ተቀበለች። ያወቀችውን ለራሷ ወይም ለወንድሟ ጥቅም ብታውለው ደግሞ የካፒታል ገበያ አዋጁ የሚከለክለው፣ በውስጥ መረጃ መገበያየት የሚባለው ወንጀል ነው። ሦስተኛው ቀላል ነው፤ ሕጉ ራሱ ይዘጋዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ ሁለቱም ወገኖች «አደራ» ይሏታል። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። እኛ ሰማዩ ሩቅ አይደለም ብለን እናምናለን፤ ያም ጭንቀቱን ይጨምረዋል እንጂ አይቀንሰውም።

እውነት ለመናገር «አትሂጂ» ልላት ቃጣኝ። ቀላሉ መልስ እሱ ነበር። ግን ቀረች እንበል። በአሁኑ ቢሮዋም ያንኑ ሰነድ ማዘጋጀት ሊደርስባት ይችላል። ዝም ያለው ሰነድ በእርሷ ፊርማ ሲወጣ አክሲዮን ገዢዋን እናት አታያትም፣ አትሰማትም፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው። አለማየት ንጽሕና አይደለም። ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ 7 እያንዳንዱ በተጠራበት እንዲኖር ሲመክር፣ እዚያው ላይ ባሪያ ነጻ መውጣት ቢችል ይጠቀምበት ይላል። መጠራታችን ወደ ክርስቶስ ነው። የሥራ ወንበር ሊለወጥ ይችላል፤ የሚለወጠው ሰው ግን አደራውን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ወንበሩ ላይ ትቶት መውጣት አይችልም።

ያደረገችው ይህ ነው። ለአዲሱ ቀጣሪዋ ደብዳቤ ጻፈች። በጠበቃነቷ ካገለገለቻቸው ድርጅቶች ጋር በተያያዘ ሥራ ላይ እንደማትሳተፍ፣ ስለ እነርሱ ምንም እንደማትናገር፣ እነርሱም እንዳይጠይቋት ገለጸች። ይህ በቅጥር ውሏ ውስጥ እንዲገባም ጠየቀች። ለአሮጌው ቢሮዋም ወዴት እንደምትሄድ ሳትደብቅ ተናገረች። ደብዳቤውን ከመላኳ በፊት አነበበችልኝ። ስለ እምነት አንድ ቃል የለበትም። «ልጨምርበት?» ስትለኝ «አያስፈልገውም» አልኳት።

ሦስት ሳምንት መልስ አልመጣም። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ስለ በር ስታወራ አልሰማኋትም። አንድ ረቡዕ ማታ በጸሎት ሰዓት «ካልተቀበሉኝ የወንድሜን ክፍያ ከየት እንደማመጣ አላውቅም» ብላ ጮክ ብላ ጸለየች። ሰው ሁሉ ሰማት። ያን ዓይነት ጸሎት በወጣቶች መካከል ብዙ አልሰማሁም። በአራተኛው ሳምንት ተቀበሏት፤ ያሰበችውን ክፍል ግን አልሰጧትም። የምታውቀው ኩባንያ ያለበት ክፍል ስለሆነ ወደ ሌላ፣ ደመወዙ ትንሽ ዝቅ ወዳለ ክፍል መደቧት። ሄደች።

ከገባች ከሁለት ወር በኋላ፣ እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናታችን እጇን ያዟት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

«ልጄ፣ አንቺ እዚያ አክሲዮን ቤት ገብተሻል አሉ። አርባ ሺህ ብር አለኝ። የቱን ልግዛ?»

እህታችን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸውና አብራቸው ተቀመጠች። «እማማ፣ ገንዘቡ ለምን ያጠራቀሙት ነው?»

«ለልጄ ልጅ ለትምህርት ቤት። መስከረም ላይ ይከፈላል።»

«እንግዲያው አክሲዮን አይግዙበት። መስከረም ላይ ሲፈልጉት ገዢ ላያገኙ ይችላሉ፤ ዋጋውም ወርዶ ሊጠብቅዎት ይችላል። ባንክ ይቀመጥ። ሌላ ጊዜ የማይቸኩሉበት ገንዘብ ሲኖርዎት ወረቀቱን ይዘው ይምጡ፤ የተጻፈውን ቁጭ ብዬ አነብልዎታለሁ። የቱን እንደሚገዙ ግን እኔ አልመርጥልዎትም፤ እዚያ ስለምሠራ አይገባኝም።»

ከሩብ ሰዓት በላይ አስረዳቻቸው። እማማም በትዕግሥት ሰሟትና መርቀዋት ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ለጎረቤታቸው፣ እንድንሰማ ሳያስቡ፣ «ተምራ የለ፤ እዚያ ገብታ ለእኛ መንገር አልፈለገችም» ሲሉ ሰማናቸው።

እህታችን አየችኝ። ምንም አላለችም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገችና ታክሲ ልትይዝ ወጣች።